ከትንሽ የውሃ ቀለም ወደ ትልቅ የዘይት ሸራ፦ ወደብና ቢራቢሮ ደረጃ በደረጃ

ሁሌ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው፦ «ትንሿ የውሃ ቀለም ላይ ወደቡም ውሃውም አሪፍ ሆኖ መጣ፣ ትልቅ ሸራ ላይ በዘይት ስሰራው ግን ደነዘዘብኝ፣ ቢራቢሮዋ ደሞ የተለጠፈች ስቲከር መሰለች፣ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። የውሃ ቀለም ከብርሃን ተነስቶ ወደ ጨለማ ይሄዳል፣ የዘይት ቀለም ደሞ ብዙ ጊዜ ከጨለማ ተነስቶ ወደ ብርሃን። ስለዚህ ትንሿን ስዕል በሰራችሁበት ቅደም ተከተል ሸራው ላይ ልድገመው ካላችሁ መንገዱ ተገልብጧል ማለት ነው። ከእሷ የምትወስዱት ሶስት ነገር ብቻ ነው፦ ጨለማና ብርሃኑ የት የት እንዳለ፣ ቅርጾቹ እንዴት እንደተቀመጡ፣ እና የቀለም ማስታወሻ። ሌላው ሸራው ላይ እንደ አዲስ ይሰራል።

ለምሳሌ የምጠቀመው ባህር ዳር ጣና ዳር ያለውን ወደብ ነው፣ ጠዋት፣ የደንገል ታንኳዎችና አንድ ሁለት የሞተር ጀልባ፣ ከፊት ለፊት ደሞ ያቺ ሎሚ ዛፍ ላይ እንቁላሏን የምትጥለው ትልቋ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ። እናንተ ምጽዋንም ጅቡቲንም ሃይፋንም ብትስሉ አሰራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለውሃ ቀለሙ፦
- 300 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት፣ 30 በ40 ሴ.ሜ፣ ከተቻለ ከጥጥ የተሰራ። የፎቶኮፒ ወረቀት ወይ ቀጭን የስዕል ደብተር ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል
- የወረቀት ቴፕ፣ ጠንካራ ሰሌዳ፣ እርሳስ
- ክብ ብሩሽ ሁለት (አንድ ወፍራም፣ አንድ ሹል)፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ
- ቀለም፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ የሎው ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ሌመን የሎው (የሎሚ ቢጫ)፣ አንድ ቀይ። በቃ። 24 ከለር ያለው ሳጥን አያስፈልጋችሁም
- ሁለት የውሃ እቃ፣ አንዱ ለማጠቢያ አንዱ ለንጹህ፣ እና ትንሽ የውሃ መርጫ

ለዘይቱ፦
- 90 በ120 ሴ.ሜ ሸራ
- ጌሶ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው ነጭ መሰረት)፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት
- የዘይት ቀለም፦ ከላይ ያሉት አምስቱ፣ ሲደመር በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና ታይታኒየም ነጭ። ነጩን ትልቁን 200 ሚሊ ግዙ፣ ትንሿ ቲዩብ ሰማዩን ሳታጋምስ ታልቃለች
- የሰዓሊ የተልባ ዘይት፣ ተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ)
- ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ብሩሽ (የቤት ቀለም መቀቢያውም ይሆናል)፣ የአሳማ ጸጉር ብሩሾች፣ ለቢራቢሮዋ ለስላሳ ትናንሽ ብሩሾች፣ የቀለም ቢላ
- ጨርቅ፣ ክዳን ያለው የብረት ቆርቆሮ (ለምን እንደሆነ ከታች አለ፣ እንዳትዘሉት)

ስለ ዘይትና ማቅጠኛ አንድ ማስጠንቀቂያ። ወጥ ቤት ያለውን የሱፍ ወይ የኑግ ዘይት አትጠቀሙ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ እየጠነከረ ነው፣ የተልባ ዘይት ይሄን በደንብ ያደርጋል፣ የምግብ ዘይት ግን ወይ በጣም ይዘገያል ወይ ሲጣበቅ ይኖራል። የወይራ ዘይት ደሞ ጭራሽ አይደርቅም። የመኪና ቀለም ቲነርም አይሆንም፣ ከስር ያለውን ጌሶ ያላላል፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ለሚሰራ ሰው አደገኛ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታው ላይ ሶስት ቶን (የጨለማና የብርሃን ደረጃ) ብቻ መዝግቡ

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት በእርሳስ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ትንሽ ንድፍ ስሩ፣ ሶስት ነገር ብቻ ያላት፦ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁር። አስር ደቂቃ አትፈጅም። ይሄ የሚጠቅመው ወደብ ላይ ዝርዝሩ ስለሚበዛ ነው፣ ገመድ፣ ጎማ፣ ሰው፣ ምሰሶ፣ አይን ሁሉንም እኩል ያያል፣ ሸራው ላይ ግን ሁሉም እኩል ከሆነ ምንም አይታይም።

ባህር ዳር የሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ወደ ውሃው ስትዞሩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፣ ጠዋት ጸሐይ ከቀኝ ከሰዓት በኋላ ደሞ ከግራ ይመጣል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጥላው ረጅም ነው፣ ውሃውም ሳይንቀሳቀስ ታገኙታላችሁ። ነፋስ ሲነሳ ነጸብራቁ ይበጣጠሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ነጸብራቁን መዝግቡ፣ ጀልባው አይሄድባችሁም (አንዳንዴ ይሄዳል፣ ያኔ ፎቶ ይዛችሁ ቆዩ)።

የአድማስ መስመሩን አሁኑኑ አስምሩ፣ ሁሌም በአይናችሁ ከፍታ ልክ ነው። ከዚህ ቀላል ማረጋገጫ ይወጣል፦ እናንተ ወደቡ ላይ ከፍ ብላችሁ ከቆማችሁ ታንኳ ላይ ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱ ከአድማሱ በታች መሆን አለበት። በላይ ከወጣ ሰውዬው ግዙፍ ሆኗል ወይ ታንኳው በአየር ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የውሃ ቀለሙ

ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ በቴፕ ዙሪያውን ያዙት፣ በረጅሙ ጎን በኩል ቴፑ 1.5 ሴ.ሜ፣ በአጭሩ ጎን 2 ሴ.ሜ ወረቀቱን ይሸፍን። የሚቀረው ቦታ 27 በ36 ይሆናል። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ 3 ለ4 ነው፣ 90 በ120ም 3 ለ4 ነው። ትንሿና ትልቁ አንድ አይነት ሬሾ ካልኖራቸው ስታሳድጉት ወይ ጀልባው ይለጠጣል ወይ ሰማዩ ይቆረጣል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ብሩሽ ሳያነሳ እዚህ ጋ ነው።

ከዛ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. ነጭ የሚቀሩ ቦታዎችን በቀጭን እርሳስ ክበቡ፦ የጀልባው ጠርዝ ላይ ያረፈው ብርሃን፣ ውሃው ላይ የሚያብረቀርቀው፣ የሰውየው ነጠላ። የውሃ ቀለም ላይ ነጭ ማለት ወረቀቱ ራሱ ነው፣ አንዴ ከሸፈናችሁት ንጹህ ሆኖ አይመለስም።

ለ. ሰማይና ውሃውን በአንድ ጊዜ፣ በእርጥቡ፣ በሰፊው ብሩሽ። ውሃው ከሰማዩ ትንሽ ጠቆር ይበል። ሰማዩ ወደ አድማሱ ሲጠጋ ይነጣል፣ ትንሽ ኦከር ጣል አድርጉበት። በበጋ ደጋ ላይ የምትሰሩ ሰዎች ይሄ ደረጃ ያስቸግራችኋል፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነና ከፍታውም ስላለ ቀለሙ ሳትጨርሱት ይደርቅና መሀል ላይ መስመር ያወጣል። መፍትሄው ወረቀቱን ቀድሞ በደንብ ማርጠብ፣ ቀለሙን ቀድሞ በብዛት መበጥበጥና በመርጫው እየረጩ መስራት ነው።

ሐ. ሲደርቅ ማዶ ያሉት ደሴቶችና ዳርቻው፣ ቀጠን ባለ አልትራማሪን። ሩቅ ነገር ይሰማየዳል፣ ይፈዛልም። አረንጓዴ ናቸው ብላችሁ አረንጓዴ ከቀባችኋቸው ከእናንተ አስር ሜትር ላይ ይመጣሉ።

መ. ጀልባና ታንኳ። ጥቁር ቲዩብ አትክፈቱ፣ አልትራማሪንና በርንት ሲየና ስትቀላቅሉ የሚመጣው ጨለማ ሕይወት አለው፣ ሰማያዊውን ስታበዙ ይቀዘቅዛል ሲየናውን ስታበዙ ይሞቃል፣ አንድ ቅልቅል ለሙሉ ወደቡ ይበቃል።

ሠ. ነጸብራቅ። ሁለት ህግ ያዙ። አንደኛ፣ ጨለማ ነገር ነጸብራቁ ትንሽ ፈካ ይላል፣ ነጭ ነገር ደሞ ነጸብራቁ ትንሽ ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ ነጸብራቅ ጀልባውን ገልብጦ መለጠፍ አይደለም፣ ውሃው የሚያሳያችሁ ጀልባውን ከስር ስታዩት የሚኖረውን መልክ ነው፣ ስለዚህ ከላይ የሚታያችሁ የታንኳው ወለል ነጸብራቁ ውስጥ የለም።

የውሃ ቀለም ሲደርቅ እንደሚፈካ አትርሱ፣ እርጥብ እያለ «ትንሽ በዛ» የሚል ስሜት ከሰጣችሁ ልክ ነው ማለት ነው። ከጎኑ ወረቀት ላይ የተጠቀማችሁበትን ቅልቅል በትንንሽ አራት ማዕዘን ቀብታችሁ ስሙን ጻፉበት፣ ሸራው ፊት ስትቆሙ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ ቢራቢሮዋን ለብቻ አጥኑ

እዚህ ጋ ሰፋ አድርጌ ልሂድ፣ ምክንያቱም ስዕሉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ነው።

ስቲከር የምትመስልበት ዋናው ምክንያት ሰው የሚስላት በመርፌ ከተወጋች የሙዚየም ናሙና ፎቶ ስለሆነ ነው። ናሙና ሲዘጋጅ አራቱም ክንፍ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ የላይኛው ክንፍ ወደ ፊት ይጎተታል፣ የታችኛው ጠርዙ ከሰውነቷ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሰራ። በሕይወት ያለች ቢራቢሮ ግን እንደዛ ሆና አትቀመጥም፣ የፊቱ ክንፍ ወደ ኋላ ዘንበል ይልና የኋለኛውን በከፊል ይሸፍነዋል፣ አንዱ ክንፍ ደሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው ጠባብ ሆኖ ይታያል ምክንያቱም እያያችኋት ያላችሁት ከጎን ነው።

የሰውነት ነገር፦ አራቱም ክንፍ የሚነሱት ከደረቷ ነው፣ ከሆዷ አይደለም። ስድስት እግር። አንቴናዋ ጫፉ ላይ ወፈር ይላል፣ እንደ ላባ የተበተነ አንቴና ከሳላችሁ የእሳት እራት ሆነች። ይቺ የሎሚ ዛፏ ዝርያ ክንፏ ሲዘረጋ 10 ሴ.ሜ ወይ ትንሽ በላይ ነው፣ መሬቱ ጥቁር፣ ነጠብጣቡ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ የኋላ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለበት አይን መሳይ ነጥብ አላት። የተንጠለጠለ ጭራ የላትም፣ ከኢንተርኔት የምታወርዱት ፎቶ ብዙ ጊዜ ጭራ ያለው የሌላ አገር ዘመዷን ነው።

አንድ ዘዴ አለ፦ ሙሉ ቅርጿን ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ቁረጡት፣ በሰውነቷ መስመር አጥፉት፣ በክር አንጠልጥሉትና በአንድ በኩል መብራት አብሩበት። አሁን እያያችሁ የምትስሉት እውነተኛ ነገር አላችሁ፣ የክንፉ ማጠር፣ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ የሚጥለው ጥላ፣ ሁሉም ይታያል። መብራቱን ግን የወደቡ ብርሃን በሚመጣበት በኩል አድርጉት። ወደቡ ከቀኝ ቢራቢሮዋ ከግራ ከበራች ምንም ብታደርጉ አንድ ቦታ ላይ አይመስሉም።

በውሃ ቀለም ስታጠኗት ቢጫውን ቀድማችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ ጥቁሩን በነጠብጣቦቹ ዙሪያ አስገቡ። ይሄን ልብ በሉት፣ ዘይት ላይ ይገለበጣል።

ደረጃ 4፦ ሸራውን ማዘጋጀት

ፍሬሙን አናጺ ሲሰራላችሁ ሁለት ነገር ንገሩት። ከ1 ሜትር በላይ ስለሆነ መሀል ላይ ማገር ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ሸራው ሲወጠር ጣውላው ይጎብጣል። ሸራ የሚነካው የውስጠኛው ጠርዝ ደሞ ወደ ኋላ ዘቅዘቅ ብሎ ይላግ፣ ካልሆነ ቆይቶ የጣውላው መስመር ስዕሉ ላይ ይወጣል። አቡጀዲ ለትንሽ ስራ ይሆናል፣ ለዚህ ስፋት ግን ይሳሳል፣ ወፈር ያለ የጥጥ ሸራ ፈልጉ።

ጌሶ ሁለት ወይ ሶስት ዙር፣ አንዱን በቁመት ሌላውን በአግድም፣ በየመሀሉ እየደረቀ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉት። ዘይት ቀለም ባዶ ጨርቅ ላይ አይቀባም፣ ዘይቱ ክሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከመጨረሻው ጌሶ በኋላ 3 ቀን ጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ማሳደግ

ትንሿ ስዕል ላይ ቀጥታ አታስምሩ። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በማርከር 4.5 ሴ.ሜ አራት ማዕዘኖች ስሩና ደርቡበት፣ 6 በ8፣ 48 ቤት ይወጣል። ሸራው ላይ ደሞ 15 ሴ.ሜ፣ ያው 48 ቤት። ቁጥርና ፊደል ስጧቸው። በእርሳስ ሳይሆን በቀጠነ በርንት አምበርና ትንሽ ብሩሽ ቅረጹ፣ ግራፋይት ከጊዜ በኋላ በፈካው ቀለም ውስጥ ሊታይ ይችላል። ትልልቁን ቅርጽ ብቻ ነው የምታሻግሩት፣ ገመዱን እዚህ ጋ አትጀምሩ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ንብርብር፣ ቀጭን

በርንት ሲየና በተርፔንታይን አቅጥናችሁ ሙሉ ሸራውን ቀቡና በጨርቅ ጥረጉት። ነጭ ሸራ ላይ ማንኛውም ቀለም ጨለማ ስለሚመስል ሰው ሳያውቀው ሁሉንም ያፈዘዋል፣ ከስር መሀከለኛ ቀለም ካለ ግን ጨለማውም ብርሃኑም ትክክል ይታያል። ሲየናው እዚህም እዚያም በሰማያዊው ውስጥ ብቅ ሲል ጠዋቱን ያሞቀዋል።

ሲደርቅ ትልቁን ብሩሽ ያዙና ከጨለማው ጀምሩ፦ የጀልባው ሆድ፣ የወደቡ ስር፣ ጨለማ ነጸብራቆች። ከዛ መሀከለኛው፣ ሰማይና ውሃ በመጨረሻ። ቀለሙ በተርፔንታይን ብቻ የቀጠነ ይሁን፣ ዘይት አትጨምሩ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዘይት የበዛበት ንብርብር ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ እሱ ከስር ሆኖ ከላይ ያለው ቀድሞ ከደረቀ ከስር ያለው ሲንቀሳቀስ ላዩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስር ቀጭን፣ ወደ ላይ እየዘየተ።

በየአስር ደቂቃው ሶስት አራት ሜትር ራቁ። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱና ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ከደረጃ 1 ንድፍ ጋር አስተያዩ። ቀለምና ቶን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ በ1872 (እ.ኤ.አ.) እዛው ፈረንሳይ ያለውን የለ አቭርን ወደብ ሲስል ብርቱካናማዋ ጸሐይ ቶኗ ከሰማዩ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፣ ጥቁርና ነጭ ስታደርጓት ልትጠፋ ምንም አይቀራት፣ በቀለሟ ብቻ ነው የምትጮኸው።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛው ንብርብር

የመጀመሪያው በጣት ሲነካ የማይለቅ ሲሆን ነው፣ ክረምት ላይ ይዘገያል። አሁን ቀለሙ ከቲዩብ እንደወጣ፣ ሳይቀጥን። ሰማዩን ከመጀመራችሁ በፊት ሙሉውን የሚሸፍን ቀለም በቢላ ቀላቅላችሁ ጨርሱ፣ መሀል ላይ አልቆባችሁ እንደገና ስትቀላቅሉ ያው ቀለም አይመጣም። የነጸብራቅ ጠርዞችን ቀለሙ እርጥብ እያለ በደረቅ ሰፊ ብሩሽ በአግድም ቀለል አድርጋችሁ ሳቧቸው፣ በዛች አንድ እንቅስቃሴ ውሃ ውሃ ይሆናል። ጀልባው ውሃውን የሚነካበት መስመር ግን ጥርት ይበል፣ እሱ ካልጠራ ጀልባው ይንሳፈፋል በአየር ላይ።

ደረጃ 8፦ ቢራቢሮዋ ሸራው ላይ

መጠኗን ወስኑ። ከፊት ለፊት ለአይን ቅርብ ናት ካላችሁ 25 ወይ 30 ሴ.ሜ ብትሆን ያስኬዳል፣ ግን ያኔ ከኋላዋ ያለው ወደብ በሙሉ ጠርዙ ለስለስ ማለት አለበት። ሁለቱም ጥርት ካሉ አይን ርቀታቸውን አያምንም።

መጀመሪያ ጥቁሩን ቀቡ። አይቮሪ ጥቁር ሳይሆን አልትራማሪንና በርንት አምበር ቀላቅሉ፣ አይቮሪ ጥቁር በጣም ይዘገያል፣ አምበር ደሞ ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ ቶሎ ይደርቃል። ከዛ ጠብቁ። እዚህ ጋ ነው ትዕግስት የሚያልቀው፣ እርጥብ ጥቁር ላይ ቢጫ ስታስቀምጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ነጠብጣቡ በሙሉ የጭቃ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ሲደርቅ ቢጫውን (ሌመን የሎው፣ ነጭ፣ ትንሽ ኦከር) ወፈር አድርጋችሁ በአንድ ምት አስቀምጡና አትመለሱበት። ጥላ ያለበት ክንፍ ላይ ያለው ነጠብጣብ ያው ቢጫ አይደለም፣ ሰማያዊ ነክቶት ግራጫ ያለ ነው፣ ስቲከርነቱን የሚያጠፋው ከሁሉ በላይ ይሄ ነው።

የክንፉ ብናኝ ደሞ በደረቅ ብሩሽ ይመጣል፦ በጣም ትንሽ ቀለም ይዛችሁ ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ የሸራውን ክር አናት ብቻ እየነካችሁ ማለፍ።

የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝርያ የምትስሉ ካላችሁ፣ ያ ሰማያዊ ቀለም ሳይሆን በክንፉ ቅርፊት አሰራር ብርሃን ተበትኖ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ የሚያክለው ቲዩብ የለም። የምትችሉት ማስመሰል ነው፦ ስሩን በጣም ጨለማ፣ ብርሃን የሚያርፍበት ጋ ነጭ ወፈር አድርጋችሁ ሲደርቅ ከላይ ስሩን የሚያሳይ ስስ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ሞቅ ባለ ቡናማ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው ንብርብር

አሁን ብቻ ነው ዘይት የሚገባው፣ አንድ እጅ የተልባ ዘይት ለሁለት እጅ ተርፔንታይን፣ ከቀለሙ ጋር በጠብታ። የጠዋት ጭጋግ የሚመስል ስስ ነጭ ማዶው ላይ፣ ጥላው ውስጥ ስስ ሰማያዊ፣ ውሃው ላይ የብርሃን ምቶች። ቁጠቡ። ብልጭታው አስር ቦታ ከሆነ የትኛውም አያበራም።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ ወይ ላስቲክ ውስጥ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ በራሱ ሊነድ ይችላል። ወይ ውጭ ዘርጋ አድርጋችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት። መስኮት ክፈቱ፣ ተርፔንታይኑን ልጆች በማይደርሱበት አድርጉ፣ ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ደሞ በፍጹም።

ደረጃ 10፦ ማድረቅና ቫርኒሽ

ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 እስከ 12 ወር ጠብቁ። መሞከሪያው፦ ጥጥ በትንሽ ተርፔንታይን ነክራችሁ የማይታይ ጥግ ላይ አሹት፣ ቀለም ከያዘ ገና ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፣ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ይቢጫል። የውሃ ቀለሟ ግን ተቃራኒ ናት፣ ቀጥታ ጸሐይ ያጠፋታል፣ መስታወት ስር ስትገባም ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ፓስፓርቱ (ዙሪያዋን የሚከብ ወፍራም ካርቶን) ይደረግላት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች

- ሙሉው ግራጫ ሆነ፦ ብሩሹ አልተጠረገም። ለጨለማና ለብርሃን የተለያየ ብሩሽ ያዙ።
- ሞላላ የሆነ ጀልባ የተጣመመ ይመስላል፦ መጀመሪያ ሳጥን ስሩ፣ መሀል መስመሩን አስምሩ፣ ከዛ ጀልባውን ውስጡ ቅረጹ።
- ላዩ ላይ የደነዘዙ ቦታዎች ወጡ፦ የታችኛው ንብርብር ዘይቱን ስቦታል። ሲደርቅ በጣም ስስ ዘይት አሹበትና ትርፉን ጥረጉት።
- አክሪሊክ በዘይት ላይ፦ አይያዝም፣ ቆይቶ ይላጣል። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ግን ይቻላል።
- ቀዩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈዘዘ፦ ቲዩቡ ላይ ያለውን የብርሃን መቋቋም ደረጃ ሳታዩ ገዝታችኋል። አሊዛሪን ክሪምሰን በዚህ የታወቀ ነው።

ውጭ አገር ለዘመድ ወይ ለገዢ መላክም ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፦ ሸራው ከፍሬሙ ወጥቶ ይጠቀለላል፣ ግን ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ይጨመደዳል። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ስፋት ይኑረው፣ ወፍራም ቀለም ካለበት ከዛም በላይ፣ በመሀል ብራና የሚመስለው ለስላሳ ወረቀት ይግባ እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። ደርቆ ያላለቀ ስዕል አትጠቅልሉ። የሚቀበለው ሰው ብርድ አገር ካለ ደሞ ቱቦው እንደደረሰ ቶሎ እንዳይከፍተው ንገሩት፣ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ይሙቀው፣ የቀዘቀዘ ቀለም ሲዘረጋ ይሰነጠቃል።